ተገልብጦ የተሰቀለ ስም

የኢሺጋኪ ስም በቤቴ ከተከለከለ አራት ዓመት ሞላው። የከለከልኩት እኔ ማሳዮ ነኝ። ዘጠኝ ወንበር ብቻ ባላት ምግብ ቤቴ ስለፈለጉት ማውራት ይቻላል፤ ስለ ሚስት፣ ስለ ኪንታሮት፣ ስለ ከንቲባው። ያን ስም የጠራ ግን ሾርባውን ሳይጨርስ ይወጣል። የባሌ የልብ ወዳጅ ጋሼ ኩማጋይ እንኳ አንድ ቀን "ማሳዮ፣ ያ ኢሺጋኪ እኮ..." ብሎ ሲጀምር ሳህኑን ከፊቱ አንስቼ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ሽማግሌው ምሳውን ሳይበላ ሄደ። እኔም ቅንጣት አልቆጨኝም።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ የምሳ ሰው ወጥቶ የበሩን መጋረጃ ካወረድኩ በኋላ፣ ሦስት ወንዶች ፊታቸውን ጥለው ሲገቡ ስለማን ሊያወሩ እንደመጡ ወዲያው ገባኝ። ደሜ መፍላት የጀመረው ከዚያው ነው።

አንዱ ጋሼ ኩማጋይ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በስታዲየሙ ከግቡ ጀርባ ባለው የደጋፊዎች ቦታችን ላይ ለሃያ ስድስት ዓመት ከበሮ የመታ። ሁለተኛው ኦቺ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ፣ የከተማችንን የሺዮሚን ግማሽ ሕዝብ ፀጉር የሚቆርጥ፣ የሁሉንም ወሬ የሚያውቅ። ሦስተኛው ዳይጎ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አዘቦት ቀን በዓሣ ገበያው በረዶ ይሸከማል፣ በጨዋታ ቀን ግን አስጨፋሪያችን ነው። ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለእኛ አድርጎ ዘጠና ደቂቃ ይጮኻል። ጎል ሲገባ እንኳ አያይም፤ ከእኛ ፊት ላይ ነው የሚያነበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእግር ኳስ ክለባችን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለበዓሉም የሠላሳውን ዓመት ምርጥ አሥራ አንድ ሕዝቡ እንዲመርጥ በየቤቱ ፖስትካርድ ተበተነ። ሕዝቡም መረጠ። በግራ መስመር ተከላካይ ቦታ የወጣው ስም ኢሺጋኪ ሆነ። ሕዝብ የሚባለው እንግዲህ ዝናብ ሲጥል ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚያየው ነው፤ ከግብ ጀርባ ቆመን የምንበሰብሰው እኛ አልመረጥነውም። ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት አሥራ አንዱ ሜዳውን ሊዞሩ፣ የአሥራ አንዱም ባነር በፊታችን ባለው አጥር ላይ ሊሰቀል ነው። የአሥሩ ተዘጋጅቷል። የአንዱ እኔ ዘንድ ነው።

በእኛ ደጋፊዎች ዘንድ ደንብ አለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስሙ የተጻፈበት ባነር ይሠራለታል። የሠራው ሰው ያስቀምጠዋል፤ ምን እንደሚሆን የሚወስነውም እሱ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በሰላም ሲሄድ ከጨርቁ ጀርባ ሁላችንም የስንብት ቃል እንጽፍለታለን፤ መጀመሪያ የሠራው ሰው መሀሉ ላይ፣ ከዚያ ሌላው በዙሪያው። በመጨረሻው ጨዋታም በአጥሩ ላይ አሳልፈን እጁ ላይ እናስቀምጥለታለን። በክፉ የሄደ ግን ስሙ ተገልብጦ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ማንም አይከፍተውም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተገልብጦ የተሰቀለው የኢሺጋኪ ስም ብቻ ነው።

ያን ባነር የሠራው ባሌ ሹዞ ነው። ጨርቁን የሰፋሁት እኔ፣ ፊደሉን በብሩሽ የጻፈው እሱ። ሹዞ ሲሞት ባነሩ ለእኔ ቀረ። ከልብሱና ከመነጽሩ ሌላ በእጁ ሠርቶ የተወልኝ ነገር ቢኖር ይኸው ጨርቅ ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ደግሞ የዚያ ሰው ስም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

"እትዬ ማሳዮ፣" አለ ኦቺ ወንበሩን እየሳበ፣ "ዛሬ ሳህን ስላላቀረቡልን የሚያነሱብን የለም። ስለዚህ ስሙን ልንጠራው ነው።"

"ጥራውና ታያለህ።"

"እኔ እጠራዋለሁ፣" አለ ጋሼ ኩማጋይ። "ኢሺጋኪ። ይኸው ጠራሁት። ምን ታመጪ?"

ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ከባሌ ጋር በአንድ ወንበር ተምሯል። ምንም ላመጣ አልቻልኩም። ፎጣዬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ቆምኩ።

"ባነሩ ቅዳሜ ቀጥ ብሎ ይሰቀል ነው የምለው፣" ቀጠለ። "አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቶልናል። እዚሁ ሺዮሚ ተወልዶ፣ እዚሁ ወደብ ላይ ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ልጅ ነው። በተሰነጠቀ የጎን አጥንት ስድስት ጨዋታ ተጫውቷል።"

"ይህ እውነት ነው፤" አለ ኦቺ። "ያን ሰሞን ፀጉሩን ስቆርጠው ባስነጠሰ ቁጥር እንባው ዱብ ዱብ ይል ነበር። ጆሮውን የቆረጥኩት መስሎኝ ስንት ጊዜ ደነገጥኩ።"

ዳይጎ ከት ብሎ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ስለ ጎን አጥንቱ አያውሩልኝ። ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በወረድን በሳምንቱ የት ሄደ? ታካዙ! ሌላ ከተማ ጠፍቶ ነው? እዚህ ባሕር ዳር ስንቆም መብራቷ የሚታየን ታካዙ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'የዓሣ ሽታዎች' እያለች የምትሰድበን ታካዙ!"

"ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። የተከላካይ ጉልበት ስንት ዓመት ይቆያል?"

"የእኔስ ጉልበት? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሬ በረዶ ተሸክሜ፣ ከሥራ ወደ ስታዲየም ስሮጥ የእኔ ጉልበት ከብረት ነው? እኔ ታካዙ ሄድኩ?"

"አንተን ማን ጠራህና!" አለ ኦቺ።

"አንተ ዝም በል፣ ኦቺ! እሱ እኮ በእኛ ላይ ጎል አግብቷል። በእኛ ላይ!"

"ሲያገባ ግን እጁን አላነሳም፤" አለ ጋሼ ኩማጋይ። "አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አልጨፈረም።"

"እሱ ነው የሚያቃጥለኝ! ደስ ካላለህ ለምን ታገባለህ? አግብቶ ማዘን ምን የሚሉት ነው? ሰውን በጥፊ መትተህ ፊትህን አጨማድደህ ስትቆም ይቅር ሊልህ ነው?"

"በጠቅላላው ለታካዙ ስንት አገባ?" አለ ኦቺ።

"ሁለት።"

"ለእኛስ?"

"በአሥራ አንድ ዓመት አራት፤" አለ ጋሼ ኩማጋይ።

"አንዷ በራሳችን መረብ ላይ ናት።"

"እሷንም ቆጥሬያታለሁ።"

እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ዳይጎ ጠረጴዛውን መታና "እሺ፣ እትዬ ማሳዮ ይንገሩን፤ የባነሩ ባለቤት እሳቸው ናቸው። እንደ መጨረሻ ጨዋታው ቀን ገልብጠን እንስቀለው። አሥሩ ስም ቀጥ ብሎ፣ የእሱ ብቻ ቁልቁል። ሜዳውን ሲዞር በአገሩ ሰው ፊት ይየው።" አለ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ስለ ኳስ የምታወሩ መሰላችሁ፤" አልኩ። "እኔን የሚያቃጥለኝ ታካዙ መሄዱ አይደለም። ታካዙ ገደል ትግባ። እናንተ ሹዞ እንዴት እንደሞተ አላያችሁም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አፌ ተከፈተ። ሹዞ በዚያው በወረድንበት ዓመት ሆስፒታል ተኛ። ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር እንደማይድን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ስም ብቻ መጥራት ጀመረ። "ማሳዮ፣ ስለ ኢሺጋኪ..." ይለኛል። ሊያየው ፈልጎ ነው አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን አጥር ላይ የሰቀለለትን ልጅ ሳያየው እንዳይሞት ነው አልኩ። ሾርባ በማንኪያ እያጎረስኩት "ይመጣል፣ አሁን ዝም በልና አፍህን ክፈት" እለዋለሁ። በማግስቱ እንደገና፣ "ስለ ኢሺጋኪ..."። "ዝም በል፣ አትድከም፣ ይመጣል።" ከዚያ ለኢሺጋኪ ስልክ ደወልኩለት። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ "እትዬ..." ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ በቀጭን ድምፅ "እሺ" ይላል። አልመጣም። ሹዞ በአሥራ አንደኛው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ሞተ። ለቀብሩም አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በስፖርት ጋዜጣ ላይ ታካዙ መግባቱን አነበብኩ።

"ገልብጠህ ስቀለው ያልኩህ ለዚህ ነው፣ ዳይጎ። አሁን ግን መገልበጡም አነሰው። እዚሁ በፊታችሁ ቆራርጬ የወለል መወልወያ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ ከአሥራ አንዱ አሥር ይሰቀል፣ በቃ።"

ጋሼ ኩማጋይ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ግን ደረጃውን እየወጣሁ ነበር።

ጨርቁ የሹዞ የክረምት ካፖርት ካለበት ሳጥን ላይ፣ ዳይጎ የዚያን ቀን በዝናብ ጠቅልሎ እንዳመጣው ተቀምጧል። ጫፉ ሻግቷል። አቅፌው ወረድኩና ትልቁን የልብስ መቀሴን ከመሳቢያ አወጣሁ።

ዳይጎ ከወንበሩ ተነሳ። "እትዬ፣ ምን አደከመዎት? ይስጡኝ። እኔ ወስጄ ቆርጬ አመጣልዎታለሁ።"

"የራሴን ጨርቅ መቁረጥ አያቅተኝም።"

"ሻግቷል እኮ፣ እጅዎን ያበላሸዋል። ሳይከፈት እንደተጠቀለለ..."

"ዳይጎ፣ ዘወር በል!"

ዘወር አለ። ፊቱ እሱ እንደሚሸከመው በረዶ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ ስለ ባሌ በመናገሬ ልቡ ተነክቶ መስሎኛል።

ሁለት ጠረጴዛ ገጥሜ ጨርቁን ዘረጋሁ። ጨርቅ የሚቆረጠው በጀርባው ነው፤ ይህን ማንም የሰፋ ሰው ያውቀዋል። ፊቱን ወደ ታች ደፋሁት፣ በእጄ እያለሰለስኩ ከዳር ወደ መሀል መጣሁ። መሀሉ ላይ ጽሑፍ ነበር።

የሹዞን እጅ አውቃለሁ። የፊደሉን ጭራ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የምግብ ዝርዝሬን የጻፈልኝ እሱ ነው። ጽሑፏ ትንሽ ናት፣ በዙሪያዋ ለሌሎች ሰዎች ነጭ ቦታ ተትቶላታል። እንዲህ ትላለች፦

"ኢሺጋኪ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለእኛ ሮጥክ። አሁን ለራስህ ሩጥ። ማሳዮን እኔ አስረዳታለሁ። ሹዞ። አሥረኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን።"

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መቀሱ በእጄ ላይ ነበር፤ ኦቺ ቀስ ብሎ ከጣቶቼ መሀል አወጣው።

ቀኑን አስታወስኩት። ሐኪሞቹ ለሦስት ቀን ወደ ቤት እንዲመጣ ፈቅደውለት ነበር። ሹዞ ፎቅ ላይ ወጥቶ "የኢሺጋኪ ፊደል ለቋል፣ ላድሰው" አለኝ። እኔ እዚህ ሽንኩርት ስከትፍ የቀለሙ ሽታ በደረጃው ወርዶ ይሸተኝ ነበር። ተሻለው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋዜጣው ላይ የወጣው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ሹዞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ማንም ሳያውቅ እሱ ያውቅ ነበር።

"መጥቶ ነበር፤" አለ ጋሼ ኩማጋይ በዝግታ። "ሹዞ ሆስፒታል በተኛ ሰሞን ልጠይቀው ስሄድ ኢሺጋኪን በሩ ላይ አገኘሁት። እየወጣ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። 'እትዬ ማሳዮ መምጣቴን አይወቁ፣ ጋሼ ሹዞ ራሳቸው ሊነግሯቸው ነው' አለኝ። ምኑን እንደሚነግርሽ አላወቅኩም። ዛሬ ገና ገባኝ።"

"አራት ዓመት!" አልኩ። "አራት ዓመት ሙሉ አልመጣም ስል እየሰማህ!"

"ሆስፒታል አልመጣም ስትይ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። እስከዛሬ መቼ አወራሽ? ስሙ አይጠራ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? አንድ ቀን 'ያ ኢሺጋኪ እኮ' ብዬ ጀመርኩልሽ። 'ያ ኢሺጋኪ እኮ ሹዞን መጥቶ አይቶት ነበር' ልልሽ ነበር። ሾርባዬን ማጠቢያ ውስጥ ደፋሽው!"

መልስ ሲጠፋብኝ የማደርገውን አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ላይ እዞራለሁ። ወደ ዳይጎ ዞርኩ። በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

"አንተ አይተኸው ነበር።"

ጫማውን ወለሉ ላይ ፈተገ።

"እኔ ሳልከፍተው ልትወስድብኝ የፈለግከው ለዚህ ነው። አይተኸዋል!"

"አይቼዋለሁ፤" አለ። "ያን ቀን አጥሩ ላይ ስዘረጋው አየሁት።"

"እና የሹዞን ጽሑፍ እያየህ ገለበጥከው?"

"ገልብጠው ያሉኝ እርስዎ ነዎት!" ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እኔ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። "ከአስከሬን ማቃጠያው የጋሼ ሹዞን አመድ ይዘው ከተመለሱ ሦስት ሳምንት አልሞላዎትም ነበር። እህል አይበሉም፣ አይተኙም። የሚያቆምዎት ያ ጥላቻ ብቻ ነበር። ምን ልበልዎት? 'ባልዎ ደብቀውዎታል፣ ለከሃዲው መርቀውለታል' ልበል? ደግሞ አልዋሽዎትም፤ እኔም ጠልቼዋለሁ። ጋሼ ሹዞ ይቅር ቢሉት የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔን አልጠየቁኝም።"

"ውጣ!" አልኩት። "ሦስታችሁም ውጡ! ውጡልኝ!"

ወጡ። ኦቺ መቀሴን በኪሱ ይዞብኝ ሄደ፤ ፈርቶልኝ ነው።

ብቻዬን ስቀር በሹዞ ፎቶ ላይ ጮኽኩበት። ጎረቤት ይስማ አልይስማ ግድ አልነበረኝም። "አምስት ሳምንት ነበረህ! ከጻፍክበት ቀን እስከሞትክበት አምስት ሳምንት! አስረዳታለሁ ብለህ ፈርመህ! በየቀኑ አጠገብህ ተቀምጬ፣ በየቀኑ እያጎረስኩህ፣ ምላስህ ምን ሆኖ ነው? ለአንድ እግር ኳስ ተጫዋች የነገርከውን ለሚስትህ መንገር አቃተህ?" እያልኩ ጠረጴዛውን በጡጫ እመታ ነበር። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ መታሁት። እጄ አበጠ።

እጄን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቆሜ ሳለሁ ነው የገባኝ። "ማሳዮ፣ ስለ ኢሺጋኪ..."። ሊያየው ፈልጎ አልነበረም። አይቶታል። ሊነግረኝ ነበር የፈለገው። ቃሉን ሊጠብቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ፣ በቀረችው ትንፋሽ፣ ዓረፍተ ነገሩን ይጀምረዋል። እኔ ደግሞ ማንኪያ አፉ ውስጥ እከታለሁ። "ዝም በል" እለዋለሁ። "ዝም በል፣ አትድከም።" ሞኝ ሴት። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ልትል ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በቀብሩ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት። ከዚያ ፎቅ ወጥቼ የሹዞን ብሩሽ ፈለግኩ። ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ አዲስ ገዝቼ መጣሁ፣ ዓርብን ሙሉ ስጽፍና ስተው፣ በልባሽ ጨርቅ ላይ ስሞክር ዋልኩ። ማታ ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ስታዲየም ገባሁ። ባነሩን በራሴ እጅ አጥሩ ላይ አሰርኩ፤ ኦቺ በወዲያኛው ጫፍ ያዘልኝ። ቀጥ ብሎ ተሰቀለ። የሻገተው ጫፍ ያስጠላል፤ አጥቤውም አልለቀቀም።

ዳይጎ መጣ። ድምፅ ማጉያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባነሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

"እኔ አልዘፍንለትም፣ እትዬ።"

"ማን ዝፈን አለህ? ካስፈለገህ አፏጭበት። እኔም ገና አልበረደልኝም፤ ለቀብሩ አልመጣም። ግን ቀጥ ባለ ስም ላይ አፏጭ።"

ትንሽ አሰበና አንገቱን ነቀነቀ። ከፊቴ ሳይሄድ ቆይቶ "ሾርባ አለ ወይ ሰኞ?" አለ። "አለ፤ ግን ሳህንህን ራስህ ነህ የምታጥበው" አልኩት።

አሥራ አንዱ ሜዳውን መዞር ጀመሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ኳስ ተጫዋች በሙሉ ልብስ ሲታይ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። ኢሺጋኪ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። ባለፈው ዓመት ጫማውን ሰቅሏል፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቷል። ወደ እኛ ጥግ ሲቃረብ እርምጃው ሲያጥር አየሁት። ያን የዝናብ ቀን እዚሁ ቦታ ላይ መጥቶ ጎንበስ ሲል፣ አንድ ሺህ ሰው ጀርባችንን ነበር የሰጠነው።

ሲደርስ ፉጨቱ ተነሳ። ግማሹ ሰው ያፏጫል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። አንዱ "ታካዙ ሂድ!" ይላል፣ ከጀርባው አንዲት ሴት "አንተ ራስህ ሂድ!" ትለዋለች። ዳይጎ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ያፏጭ ነበር። ዛሬ ግን ጀርባውን ለሜዳው አልሰጠም፤ ፊቱን አዙሮ እያየው ነው። ጋሼ ኩማጋይ የድሮውን የኢሺጋኪን ምት ከበሮው ላይ ጀመረ፤ አብሮት የዘፈነ ግን ጥቂት ነው።

ኢሺጋኪ ቀና ብሎ ባነሩን ሲያይ ቆመ። ቀጥ ያለ ስሙን አየ። ከዚያ ወገቡን አጥፎ ጎንበስ አለ፣ አልተነሳም። ፉጨቱም ጭብጨባውም በላዩ ላይ ሲወርድ ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

የባነሩን ገመድ ፈታሁ። ኦቺ በሌላ በኩል ፈታ። ጨርቁን አጣጥፌ ወደ አጥሩ ወረድኩ። በዙሪያችን ያለው ሰው ደንቡን ስለሚያውቅ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ።

"ቀና በል፤" አልኩት። "ወገብህ ይሰበራል።"

ቀና አለ። "እትዬ ማሳዮ..." አለና እንደ ስልኩ ጊዜ ዝም አለ።

ጨርቁን በአጥሩ ላይ አሳልፌ ሰጠሁት። ማንም የሚቀበል ሰው እንደሚያደርገው ጀርባውን ገለበጠ። የሹዞን ጽሑፍ አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣ እኔ ወደጻፍኩት። እጄ እንደ ሹዞ አያምርም፤ ፊደሎቼ ተንጋደዋል። ግን ይነበባሉ፦

"አላስረዳኝም። ሊያስረዳኝ ሲል እኔ ዝም በል አልኩት። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቤት ና። አንተን ዝም አላሰኝህም። ማሳዮ።"

በዙሪያው ያለው ነጭ ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ማንም አልጻፈበትም። እሱ ግን ጨርቁን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ፣ እንባው በአገጩ ይወርዳል፤ እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

"ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለኝ።

"ስምንት ሰዓት፤" አልኩት። "የቀብሩንም ነገር ታስረዳኛለህ። ሁሉንም። እስክትጨርስ ሾርባ አላቀርብልህም።"